መሃሉ የማይታይ መንገድ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ዶቪን ወደ መድኃኒት ቤት፣ ቨርኔልን ወደ ገበያ በመኪናዬ ወሰድኩ። እንደ ሁልጊዜው። ቨርኔል ከፊት፣ ዶቪ ከኋላ ቦርሳዋን ታቅፋ። ኦክቶበር ገብቶም ሙቀቱ አልለቀቀንም።

ቨርኔል ስለ ዳሌዋ ስታማርር ዋለች። “ይሄ ያስገቡልኝ ብረት ዝናብ ከመምጣቱ ከሁለት ቀን በፊት ያውቃል።”

“ቴሌቪዥን ጣቢያ አስቀጥሪው” አለች ዶቪ። ዶቪ በቀን አንዴ ነው የምትናገረው፤ ከተናገረች ግን አትስትም። ሳቅን።

ስንመለስ ነዳጅ ማደያው ያለበት መስቀለኛ ጋ ስንደርስ ጠየቅኩ።

“ፊታችን ያለው የማን መኪና ነው?”

“የቡከር ልጅ ነዋ። ቀይ አስቀብቶት። ምን ሊያሳይ እንደሆነ እንጃ። ቆሞ ስልኩን ያያል።”

ቀይ መኪና። ቆሟል። ፍሬን ያዝኩ።

መኪና መኖሩን አላውቅም ነበር። ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት። ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ቨርኔል የአገሩን መኪና በባለቤቱ ስም ታውቃለች፤ ሐሜት ስትጀምር አትጠገብም። እሷ ታወራለች፣ እኔ እነዳለሁ።

ሁለቱን አድርሼ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ሞተር አጥፍቼ መኪናው ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ ያለኝን እስከ ዛሬ እዚህ አልጻፍኩም። ኤፕሪል ላይ ነው የነገረኝ። “የዓይንዎ ዳር ደህና ነው። መሃሉ ግን እየሞተ ነው፣ አይመለስም። ከእንግዲህ መኪና መንዳት የለም።” እሺ ዶክተር አልኩት። ወጥቼ፣ መኪናዬን አስነስቼ፣ ነድቼ ቤቴ ገባሁ።

እኔ ካልነዳሁ ቨርኔል በማክሰኞ እህቷን አታይም። ዶቪ ከቤት አትወጣም። ልጄ ከቺካጎ መጥቶ ይወስደኝና አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ ይሰቅለኛል... ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ለማን እዋሻለሁ? የምነዳው ለራሴ ነው።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

የአረጋውያን ማቆያው ሃያ ሁለት ማይል ነው። መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ድልድይ፣ የጥጥ ማሳ፣ የተቃጠለው መጋዘን፣ ከዚያ ወደ ቀኝ።

የቨርኔል እህት ክላሪስ አላወቀችንም። ከቨርኔል እጅ ግን የኮክ ፍሬ በላች። የቆርቆሮ ነው፣ የምትወደው። ቨርኔል አገጯን ጠረገችላት። “ከእኔ ሌላ ሰው ካጎረሳት ትተፋለች” አለችኝ፣ እንደ ኩራት።

ስንመለስ የፖስታ ሳጥን ገጨሁ። የጎን መስታወቴ ተሰነጠቀ።

“ምን ሆነሽ ነው?” አለች ቨርኔል።

“ውሻ ሸሽቼ።”

“የቱን ውሻ?”

“ሄደ እኮ።”

ወደ ኋላ ዞራ አየች። ዝም አለች። ቨርኔልና ዝምታ አይተዋወቁም።

ማታ ዶቪ ደወለች። ሆዜያ ቶሊቨር ሞተ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሰላሳ ዓመት። የኤርሊን ባል።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

የረቡዕ ጸሎት። ቀብሩ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ነው።

ከጸሎት በኋላ የፓስተሩ ሚስት ወደ ጥግ ወሰደችኝ። “እህት ኢሞጂን፣ ከቀብር መልስ የሚበላውን መኮሮኒ በአይብ እርስዎ ይሥሩ ብላለች።”

“ማን?”

“እህት ኤርሊን። ሆዜያ የእርስዎን ነበር የሚወደው አለች።”



ከኤርሊን ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከተለዋወጥን አራት ዓመት። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሰላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ወጥ ቤት ደግሞ ሃያ። አንድ እሁድ፣ እንግዳ ሰባኪ ፊት፣ “የዛሬው መኮሮኒ ደርቋል” ብላ ሳህኔን ከጠረጴዛው መሃል አንስታ ጥግ አደረገችው። የራሷን መሃል አስቀመጠች። ሽርጤን ፈትቼ ሰቅዬ ወጣሁ። አገር የሚያውቀው ነገር ነው። እዚህ መኮሮኒ የሚሠራ ሰው ይመረጣል፤ ማንም ተነስቶ አይሠራም።

አሁን ራሷ ጠየቀችኝ። ሐዘን ሰውን ያለዝባል ማለት ነው? ወይስ ሆዜያ አደራ ብሏት?

እሠራለሁ።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

አሳ ቤት። ሐሙስ ሐሙስ ነው የምንሄደው። ዶቪ ሁለት አሳ፣ ቨርኔል ሦስት፣ እኔን አልበላልኝ አለ።

“ቅዳሜ ካንቺ ጋር ነን አይደል?” አለች ዶቪ።

የቶሊቨሮች መካነ መቃብር አስራ አራት ማይል ነው። አስከሬን የሚያጅበው ሰልፍ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሠላሳ አርባ መኪና፣ መብራት በርቶ፣ አንዱ የሌላውን ጭራ ይዞ፣ ቀይ መብራት እየጣሰ፤ ሌላው ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ ይቆምለታል። መሃል ገብቼ የፊተኛው ቢቆምስ? ቨርኔል በለቅሶ ቀን ስለ ሰው መኪና አታወራልኝም።

“እኔ ቀብሩ ላይ አልገኝም። ምግቡን አዘጋጃለሁ” አልኩ።

ቨርኔል ሹካዋን አስቀመጠች። “አሁንም ያ የመኮሮኒ ነገር ነው?”

ሳህኔን ወደ ዶቪ ገፋሁት።

“ሰውየው ሞቷል ኢሞጂን። ሳህንሽን ያነሳው እሱ አይደለም።”

“አንድ ሰው ምግቡን መጠበቅ አለበት።”

“ልብሽ እንዲህ ክፉ ነው እንዴ?” አለች። ሳቅ የለውም።

ክፉ ነው ትበል። ከዓይኔ ይልቅ ልቤን ብትጠረጥር ይሻላል... አሁን የጻፍኩትን ደብተሩን ወደ ዓይኔ ዳር ይዤ መልሼ አነበብኩት። ይሁን። እውነት ነው።

የዶቪ እህት ልጅ ትወስዳቸዋለች።


አርብ፣ ኦክቶበር 10

አይብ ስፈቀፍቅ ዋልኩ። አራት ዓይነት። ጣቴን ላጥኩ።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። እስከዚያ ወደ መቃብሩ ሄደዋል፣ ምግቡን ባዶ ወጥ ቤት አስቀምጬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ማንንም ሳላገኝ። ሰባኪዎቹ ስብከቱን አስረዝመውት ነበር መሰለኝ። ያንን በምን ልወቅ?

ሳህኑ ከጎኔ ወንበር ላይ ነው፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ትኩስ። ነዳጅ ማደያው ያለበት መስቀለኛ ጋ ደረስኩ። በቀኝ በኩል ሣሩ ላይ መኪኖች ቆመዋል። ሰው አሮጌ ዕቃ እየሸጠ ነው አልኩ። ከማደያው ጥግ አንድ ሰው ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ለማን ነው? ብዬ አሰብኩ። አሰብኩት! ኮፍያውን አየሁ። የጭነት መኪና ሹፌር ወርዶ ቆሞ አየሁ። ዳር ዳሩን ሁሉ አየሁ።

መሃሉ ላይ ምንም የለም። ግራጫ። ባዶ መንገድ።

ነዳጅ ሰጠሁ።

ፊሽካ ሰማሁ። በግራ ዓይኔ ጠርዝ አበባ አለፈ፣ ብዙ ነጭ አበባ። ከዚያ የጎማ ጩኸት በቀኜ፣ በጣም ቅርብ። ሳህኑ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተገለበጠ። ክላክስ የነካ የለም። በቀብር ሰልፍ ላይ ክላክስ አይነካም። ፀጥ ያለ ነበር።

ካለፍኩ በኋላ በመስታወቱ ዳር መብራት አየሁ። መብራት፣ መብራት፣ መብራት፣ በቀን ብርሃን። ያኔ ገባኝ፤ የሆዜያን ሰልፍ ነበር የቆረጥኩት።

አልቆምኩም። ቤቴ ገባሁ። መኮሮኒውን ከመኪናው ምንጣፍ ላይ በማንኪያ አነሳሁ።


እሁድ፣ ኦክቶበር 12

በመኪና ሄድኩ። ሁለት ማይል። ብቀር አፍራ ቀረች ይላሉ።

ሁሉም ሰላም አለኝ። ሁሉም ፈገግ አለ። የእኔ አግዳሚ ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። ስድስት ሰው የሚይዝ አግዳሚ፣ እኔና ቦርሳዬ። ዶቪ ከእህቷ ልጅ ጋር፣ ቨርኔል ከመዘምራኑ ጀርባ። ኤርሊን ከፊት፣ ጥቁር ባርኔጣ። አልዞረችም።

ስወጣ ከበሩ ጀርባ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

“በሁለቱ መካከል እኮ ነው የገባችው። ሆዜያ ፊት፣ ኤርሊን ኋላ።”

“ጌታ ይባርካት።”

እኛ ጋ ሰው አይሳደብም። ጌታ ይባርካት ካሉሽ በቃሽ።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ስልኩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልጮኸም። ከዚያ ዶቪ፣ በሹክሹክታ።

“ጠረጴዛው ላይ ለሳህንሽ ቦታ ትተው ነበር። መሃል።”

“ከዚያስ?”

“ሰው እስኪጨርስ ባዶውን ዋለ። ኤርሊን መጥታ አየችው። ምንም አላለችም።” ከዚያ “ኢሞጂን... አመመሽ እንዴ?” አለች።

አሁን ልናገር? አፌን ከፈትኩ።

“ደህና ነኝ” አልኩ።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ቨርኔል መጣች። ከሦስት ቤት በኋላ ናት፣ በምርኩዝ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ቁጭ በይ አልኳት፣ አልተቀመጠችም።

“አንድ ነገር ነው የምጠይቅሽ። ሆን ብለሽ ነው?”

ሁለት መልስ ነበረኝ። አዎ ካልኩ ክፉ አሮጊት ነኝ፣ ቁልፌ ግን እጄ ላይ ይቀራል። አይደለም ካልኩ ‘ታዲያ ምን ሆነሽ?’ ትላለች።

“ቸኩዬ ነበር” አልኩ።

“ቸኩለሽ።”

“ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ።”

“ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ለቀብር የማይቆም ሰው አይቼ አላውቅም። ሰካራም ይቆማል። ሌባ ይቆማል። ሐይዌዩን የሚሠሩት እነዚያ ነጭ ልጆች እንኳ ማሽናቸውን አጥፍተው ቆመው ነበር፣ ቆባቸውን አውልቀው። አንቺ፣ እናትሽ እዚህ ያሳደገችሽ፣ በሆዜያና በሚስቱ መካከል ገባሽ!”

“ቨርኔል...”

“እህቴን ዛሬ ካንቺ ጋር ሄጄ አላይም። ኮኩንም ራሴ እበላዋለሁ።”

ምርኩዟ በረንዳውን፣ ደረጃውን፣ ጠጠሩን ሲመታ እስኪጠፋ ሰማሁት። ክላሪስ ዛሬ የሚያጎርሳት የለም።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ዶቪ እንደገና ደወለች። ሐዘንተኞቹን የያዘው መኪና ፍሬን ሲይዝ የኤርሊን የልጅ ልጅ ከወንበሩ ጋር ተጋጭታለች። አራት ዓመቷ ነው። ግንባሯ አብጧል። “ደህና ናት፣ አትጨነቂ” አለችኝ። “ሰው ግን እያወራ ነው፣ እንድታውቂው ብዬ ነው።”

አራት ዓመት።

ቁልፉን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። አነሳሁ። ጸሎት አልሄድኩም።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

በእግሬ ሄድኩ። አንድ ማይል ተኩል፣ በሣሩ ላይ። መኪና ሲመጣ በጆሮዬ እየሰማሁ እቆማለሁ። ሁለት ሰው ቆሞ “ላድርስዎት?” አለኝ። አይሆንም አልኩ። በሰው መኪና ሄጄ እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም።

ኤርሊን በረንዳ ላይ ነበረች። የለቅሶው አበባ በዙሪያዋ ደርቋል፣ ይሸታል።

“መኪናሽስ?” አለች።

“ቆሟል።”

“ጉድ ነው። ሲፈልግም ይቆማል ማለት ነው።”

ይገባኛል። ተቀመጪ አላለችኝም። ደረጃው ሥር ቆሜ ነገርኳት።

“አላየሁትም ኤርሊን።”

“ረጅም ነጭ መኪና። አበባ የተጫነበት። ፊቱ ፖሊስ፣ ኋላው ሠላሳ ስድስት መኪና መብራት አብርቶ። አላየሁትም ትያለሽ?”

“አንቺንም አሁን አላይሽም። ጉትቻሽን አያለሁ። ባርኔጣሽን ጉልበትሽ ላይ ይዘሻል። ፊትሽ የለም።”

ወንበሩ ጮኸ። ተነሳች መሰለኝ።

“ይሄ ስንት ነው?”

“ጣት ከሆነ አላይም። ክንድሽ መነሳቱን አያለሁ።”

ክንዷ ወረደ። አንድ መኪና አለፈ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ሐኪሙ የነገረኝ ኤፕሪል ላይ ነው።”

“ኤፕሪል።” በጣቷ ስትቆጥር ይሰማኛል፣ ቀለበቷ የወንበሩን እጀታ ይመታል። “ስድስት ወር። ቨርኔልንና ዶቪን ጭነሽ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሐይዌይ ላይ።”

“አዎ።”

“ሆን ብለሽ፣ በቂም ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ታውቂያለሽ? ተናድጄ እሞት ነበር እንጂ ይገባኝ ነበር። የመኮሮኒው ጊዜ እኔም ክፉ ነበርኩ። ይሄ ግን ምንድን ነው? የልጅ ልጄ ግንባር እንቁላል አክሏል!”

“ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።”

“እኔን ተዪኝ። እነሱ ያውቃሉ?”

“አያውቁም።”

“አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ እኔ?”

“እኔ። እስከ እሁድ።”

“እስከ ነገ።”

ከዚያ ቤት ገባች። በቃ፣ ሂጂ ማለቷ ነው ብዬ ዞርኩ። ቁልፍ ይዛ ወጣች።

“ግቢ። አደርስሻለሁ። በዚህ መንገድ ዳር አንቺን የሚገጭ ሰው ኃጢአቱ በኔ ላይ ነው።”

የሆዜያ መኪና የትምባሆው ሽታ አለበት። ስወርድ ብቻ፦ “እስከ ነገ ብያለሁ።”


አርብ፣ ኦክቶበር 17

ሁለቱንም ቤቴ ጠራኋቸው። ሻይ በበረዶ ቀዳሁ። ቨርኔል አልነካችውም።

ነገርኳቸው። አጭር ነው፣ ሲነገር። እንዲህ አጭር መሆኑን ባውቅ...

ዶቪ አለቀሰች። “አይዞሽ የኔ እህት፣ ዓይንሽን ይማርልሽ” እያለች እጄን ያዘች። ስለ ራሷ አንድም ነገር አላለችም።

ቨርኔል ምርኩዟን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፦

“‘ያ የማን መኪና ነው?’”

“ቨርኔል...”

“‘መብራቱ እንዴት ቆየብን?’ ‘ማነው የሚሻገረው?’ ስድስት ወር። እኔ እኮ እያወራን መስሎኝ ነው።”

“እያወራን ነበር።”

“አልነበረም። እየነዳሁልሽ ነበር፣ ሳላውቅ። ፊት ወንበር ላይ፣ በብረት ዳሌ። ተጋጭተን ብንሞት ክላሪስን ማን ያጎርሳት ነበር? አስበሽው ታውቂያለሽ?”

“አስቤዋለሁ።”

“አስበሽ ነዳሽ።”

አዎ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ምርኩዟን ፈልጋ ወጣች። ዶቪ ልትከተላት ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። በመጨረሻ ከእኔ ጋር ቀረች።


እሁድ፣ ኦክቶበር 19

የዶቪ እህት ልጅ ወሰደችኝ። አግዳሚዬ ሞላ። ኤርሊን ለሰው ሁሉ ነግራለች፣ በእኔ ፈንታ፣ ክብሬን ልትመልስልኝ። ሁሉም አቀፈኝ። “ምነው ሳትነግሪን!” ከጸሎት በኋላ ምሳ ላይ አንዷ ሳህኔ ላይ ያለውን ዶሮ ቆራርጣ ሰጠችኝ። ዶሮ ቆርጬ መብላት እችላለሁ። አመሰገንኳት፣ በላሁ።

አገር ሁሉ ይቅር አለኝ። ቨርኔል ስትቀር። የአገሩን ይቅርታ ባገኝ ባላገኝ ግድ የለኝም ነበር።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ጎረቤቴን ባትሪውን ከመኪናዬ ፈትቶ እንዲወስደው ለመንኩት። “ለምን? ቁልፉን መደበቅ አይበቃም?” አለኝ። አይበቃም አልኩት። ትናንት ጠዋት፣ ማክሰኞ ስለነበር፣ ሳላስበው መኪናው ውስጥ የሹፌሩ ወንበር ላይ ራሴን አገኘሁት። ቀበቶ አስሬ።

ለልጄ ደወልኩ። ቺካጎ ነይ አለ። አይሆንም አልኩ። ክረምቱን እንይ አለ። እንይ።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ከቤት ከወጣሁ ስምንት ቀኔ። ዶቪ በየቀኑ ትደውላለች። ስለ ቨርኔል አልጠይቃትም፣ አትነግረኝም።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ዶቪ መስላኝ ነበር።

“ክላሪስ ጋ እየሄድን ነው” አለች ቨርኔል። ሰላም የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ። “መኪናው አንድ ባዶ ቦታ አለው።”

“ማን ነው የሚነዳው?”

“ኤርሊን።”

እስክውጠው ጠበቀችኝ።

“ሦስት ሰዓት ላይ ውጭ ሁኚ። ኤርሊን ሰው ቆማ አትጠብቅም።”

“ቨርኔል፣ ይቅር አልሽኝ?”

“ስለ መኪና ነው ያወራሁሽ” ብላ ዘጋችው።

አሁን ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ካፖርቴን ለብሻለሁ፣ ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ደብተሩ ቦርሳዬ ላይ። በሩን ቆልፌ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ።